ያልታወቀ ዕቃ፣ ሦስተኛ ፎቅ

«የኔ እመቤት» አለ ሌነርድ የተጠበሰ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ «ጥፋቴ ምን እንደሆነ ባላውቅም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አሁን ወደ ገዛ ቤቴ ኢንተርኔት ብትመልሺኝ ምን ይመስልሻል?»

ሲርካ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረች «አንተን አይደለም ያገድኩት፣ ቴሌቪዥንህን ነው» አለችው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ቤታቸው የልምምድ ሜዳ ሆኗል። የምትለማመደው ፕሮግራም ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ በአንድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ልግባ የሚለውን ዕቃ ሁሉ፣ ስልክ ይሁን ቴሌቪዥን ይሁን ማተሚያ፣ ደጃፍ ላይ አስቁሞ «ማነህ? የማን ነህ?» ይላል። የሚያውቀውን ያስገባል፣ ለእንግዳ የአንድ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ የማያውቀውን ከመጣበት ይመልሳል። ይህን ሲርካ በደንብ ተረድታለች። ያልገባት ነገር ቢኖር፣ ፕሮግራሙ የባሏን ቴሌቪዥን አባርሮ የመታጠቢያ ቤቱን የክብደት ሚዛን በክብር ያስገባበት ምክንያት ነው። ሌነርድ ማታ የሆኪ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ጠፍቶበት፣ ውጤቱን ከጎረቤት ለመስማት በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ በረዶውን አቋርጦ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብሎ በሰላም ማውራቱ ትዳራቸው የጠና ለመሆኑ ምስክር ነው።

የምትሠራው ካናዳ፣ ተንደር ቤይ ከተማ ውስጥ፣ ከወደቡ ከፍ ብሎ ባለ የአረጋውያን አፓርትመንት ቢሮ ነው። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ እንደ እሷ ወላጆች ከፊንላንድ የመጡ ወይም ከመጡት የተወለዱ ናቸው። በረዶው ከመጀመሩ በፊት የሕንፃው ኢንሹራንስ «ኔትወርካችሁ ላይ ማን ማን እንዳለ ካላወቃችሁ ክፍያችሁ ይጨምራል» ብሎ ጻፈ። የተጠየቀው ቴክኒሻን ለአንድ ሰዓት ሥራ መቶ አርባ ዶላር ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ዋረን ዋጋውን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አየና «ሲርካ፣ አንቺ ኮምፒዩተር ላይ ጎበዝ ነሽ አይደል?» አላት። ጉብዝናዋ አንድ ጊዜ ማተሚያው ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት በፀጉር ማስያዣ ጎትታ ማውጣቷ ነበር። እምቢ ማለት ይገባት ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜዋ ጎበዝ ነሽ የሚላት ሰው ስላልበዛ እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ እራት ከተበላ በኋላ ድምፁ እንደ ቄስ የለሰለሰ አስተማሪ በቪዲዮ ትከታተላለች። «ጀማሪ ከሆናችሁ አትቸኩሉ» ይላል ሰውዬው። «መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም ስጡ። መዝጋት የመጨረሻው ነው።» ሲርካ መመልከቱን ወድዳዋለች። ስም መስጠቱንም ጀምራለች። መዝጋቱ ነው የሚያስፈራት።

መኪናዋን ሞተሯ በብርድ እንዳይደርቅ ካደረችበት የማሞቂያ ሶኬት ነቅላ የመስታወቱን በረዶ እየፋቀች ለአባቷ ደወለች። አባቷ ታይስቶ፣ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከረንት ሪቨር ሰፈር ያለውን ቤት ብቻቸውን ይዘው የሚኖሩ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ሾርባ ሠርታ ትሄድላቸዋለች፤ በሥራ ቀን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች።

«እንዴት አደርክ አባዬ? ቤት ነህ?»

«ታዲያ የት እሄዳለሁ?» አሉ። ወዲያው ከአጠገባቸው «ቲንግ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድነው እሱ?»

«ማይክሮዌቭ ነው። በይ፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ አባቷ ማይክሮዌቭን እንደ ጠላት እንደሚያዩት ትዝ ያላት። ሰው ሲያረጅ ይለወጣል ብላ መኪናውን አስነሳች።

ቢሮ ስትደርስ ከዳቦ ቤት ያመጣችውን፣ ሮዝ ክሬም የተቀባ፣ ፐርሺያን የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ በሳጥን ይዛ ነበር፤ ዋረን ያለ ፐርሺያን አይነቃም። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ቶሮንቶ ካለው ዋናው ኩባንያ ጋር በስልክ ያወራል። «አዎ፣ ለአንድ ሰው በተከራዩ ቤቶች ሁለት ሆነው የሚኖሩ አሉ፣ በዓይኔ አልያዝኳቸውም እንጂ» ይላል። «ግድ የለም፣ ይኼ ፕሮግራም ይይዝልናል። ዛሬ እናበራዋለን። ያልተመዘገበ ሰው ስልኩ ይቋረጥበታል፣ ተቋረጠብኝ ብሎ ራሱ ወደኛ ይመጣል። ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። እነዚህ ሰዎች እኮ ዘጠኝ መቶ ዶላር ነው የሚከፍሉት፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ በአሥራ ስድስት መቶ ይከራያል።» ሲርካ የፐርሺያኑን ሳጥን እንዳቀፈች ደረቀች። በልቧ ይህን ሥራ ስትሠራ የቆየችው አሮጊቶቹን ከሌባ ለመጠበቅ ነው ብላ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት እንዲያውም ለእህቷ ልጅ «የኔትወርክ ደኅንነት ላይ ነው የምሠራው» ብላ በስልክ ጉራዋን ነዝታለች።

ዋረን ስልኩን ዘግቶ አያት። «ሲርካ! ዛሬ ይበራል አይደል?»

«አስተማሪው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተመልከቱ ይላል።»

«አስተማሪው እዚህ ተቀጥሯል?»

«አልተቀጠረም።»

«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ» አለና ፐርሺያኑን ገመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነዋሪ ሲሞት ያለቅሳል፣ አበባም ከኪሱ ይገዛል። ቶሮንቶ ሲደውሉለት ግን ድምፁ ይቀጥናል።

ስክሪኑ ላይ ስም ያላቸው ዕቃዎች አረንጓዴ ናቸው፣ የሌላቸው ቀይ። የትኛው ፎቅ ላይ እንዳሉ ይናገራል እንጂ የማን እንደሆኑ አይናገርም፤ ያንን ለማወቅ በር ማንኳኳት ነው። ሲርካ ሊፍቱን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ሁለተኛ ፎቅ፣ እማማ ሄልቪ ጋ። ቤቱ በሹራብ ክር ኳስ ተሞልቷል፤ ሶፋው ላይ፣ ምድጃው ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ክር ነው። መሀል ወለሉ ላይ አንድ ክብ ጠራጊ ሮቦት ቀይ ክር ተጠምጥሞበት ይንቀጠቀጣል። «ይኼው ነው የኔ» አሉ ሄልቪ። «ልጄ ነው የላከልኝ። ቤት ይጠርጋል ተብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ እሱን ስፈታ የምውለው።» ሲርካ ሮቦቱን መዘገበች፣ ታብሌታቸውን መዘገበች፤ በታብሌቱ ፊንላንድ ካለች አንዲት ሴት ጋር ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴትዮዋን በዓይናቸው አይተዋት ባያውቁም አምርረው ይጠሏታል። «ሌላስ የለም?» አለች ሲርካ፤ ስክሪኑ ላይ ሌላም ቀይ ነበር። «ሌላ ምን ይኖራል?» ሲሉ ከመታጠቢያ ቤቱ ወፍራም የወንድ ሳል ተሰማ። ሄልቪ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ «ቧንቧው ነው» አሉ። ሲርካም ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየችና «እዚህ ሕንፃ ቧንቧው ሁሉ ችግር አለበት» አለች። ሁለቱም ተሳስቀው ተለያዩ። እስከዚህ ድረስ ሥራው ደስ ይል ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀረው አንድ ያልታወቀ ዕቃ ነው። የወይዘሮ ኦይሊ ቤት ይሆናል ብላ ሦስት መቶ አሥራ ሁለትን አንኳኳች። ኦይሊ ከተልባ እግር የተፈተለ የሚመስል ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ዝምተኛ የቀድሞ ነርስ ናቸው፤ ለብዙ ዓመት ሲርካን «ደህና ዋልሽ» ከማለት በላይ አውርተዋት አያውቁም። ኮሪደሩ በዓሣና በቅመም ሽታ ታጥኗል። በስተኋላዋ ሊፍቱ አንድ ሰው ሊያወርድ ቆመና «ቲንግ» አለ። ሲርካ ያን ድምፅ የት እንደሰማችው እያሰበች ሳለ በሩ ተከፈተ።

ታይስቶ ነበሩ። አበባ ያለበት ሽርጥ አገልድመው፣ በአንድ እጃቸው ጭልፋ ይዘው፣ በነጠላ ጫማ።

አባትና ልጅ ተያዩ። ከጭልፋው ጫፍ አንድ ጠብታ ሾርባ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

«ቤት ነኝ አላልከኝም?» አለች ሲርካ በመጨረሻ።

«አዎ» አሉ ታይስቶ። «ቤት ነኝ።»

«ማነው? ዝጋው በሩን፣ ብርዱ ይገባል» የሚል የሴት ድምፅ ከውስጥ መጣ። ሲርካ ገባች። ጠባብ ቤት ነው፤ አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ኩሽናው ከሳሎኑ ጥግ የተቆረሰ። መስኮቱ ሥር የአባቷ ወንበር ተቀምጧል፤ አሮጌውን ወንበር ጥዬዋለሁ ብለው የነገሯት፣ እሷም እንኳን ተገላገልን ያለችለት ወንበር። አጠገቡ ሬዲዮናቸው። የሬዲዮኑ አናት ላይ ለልደታቸው የገዛችላቸው ታብሌት፣ በረዶ ላይ ዓሣ ስለማጥመድ የሚያወራ ገጽ ተከፍቶበት። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ትናንት የመጣ ዕቃ አይደለም። ኦይሊ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ «ተቀመጪ ልጄ» አሏት። ሲርካ ልትቀመጥ ፈልጋ የት እንደምትቀመጥ አጣች፤ ወንበሮቹ ሁለት ነበሩ።

«ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች።

ታይስቶ ጭልፋውን አዩት። «ካለፈው ዓመት ፀደይ።»

እንዲህ ያለ ዝምታ ሲርካ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እቤታቸው ትልቅ ነገር በመጣ ቁጥር ወሬ አይወራም፤ አንድ ሰው ተነስቶ ማገዶ ይፈልጣል፣ ሌላው ሳህን ያጥባል። እዚህ የሚፈለጥ ማገዶ ስላልነበረ ሦስቱም ድስቱን ተመለከቱ። ሊነግሯት ሲገባ አለመንገራቸው አንገበገባት፤ ይሁን እንጂ አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነው። ዋረን ከሰዓት በኋላ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነገረቻቸው፤ ቤቱ ለአንድ ሰው የተከራየ መሆኑን፣ ማስጠንቀቂያው ለኦይሊ እንደሚጻፍ።

«እንግዲያው ጻፊኝ» አሉ ታይስቶ። «ስሜን ጻፊና እኔ እወጣለሁ። ቤት አለኝ።»

«ማንም አይወጣም» አሉ ኦይሊ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። ሄደው ምድጃውን አጠፉ። ከዚያ ወደ ሲርካ ዞረው «ስንት ቀን ይሰጣሉ?» አሉ። ኦይሊ ሲታመሙ የሚመጣ ልጅ እንደሌላቸው ሲርካ ከመዝገብ ታውቃለች፤ አሥራ ስድስት መቶ ከፍለው በዚህ ከተማ ሌላ ቤት ለመከራየትም አቅም የላቸውም። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ሊፍቱ ውስጥ ብቻዋን ቆማ መስታወቱ ላይ ፊቷን ስታይ አበባ ሽርጡ ትዝ አላትና ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ በሳቋ ተናደደች።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን ነገር ልታደርግ አሰበች፤ ልታጭበረብር። የአባቷን ታብሌት ከቀዮቹ መሀል አወጣችና ስም ሰጠችው፦ «ልብስ ማድረቂያ፣ ቁጥር ሁለት»። አረንጓዴ ሆነ። አባቷን በልብስ ማድረቂያነት ማስመዝገቧ ለአፍታ አስደሰታት። ግን ማድረቂያዎች ኢንተርኔት ይፈቀድላቸው እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረች፣ ለእሱ ብቻ አንድ የፈቃድ ሕግ ጻፈች። ፕሮግራሙ ሕጎቹን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይፈጽማል፣ የቀረውን አያይም። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ሕግ «ሌላው ሁሉ ይመለስ» የሚል ነው፤ አስተማሪው ይህቺን መስመር ከታች እንዳታነሷት ብሎ ሁለት ጊዜ ተናግሯል። ሲርካ የአባቷን ሕግ በመዳፊቱ ይዛ ወደ ላይ ልትጎትት ስትል ዋረን ከኋላዋ «እህ፣ ደረስሽ?» አለ። እጇ ዘለለ። የሆነ መስመር ወደ ላይ ሄደ። የትኛው እንደሆነ ሳታይ ዋረን በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ «አስፈጽም» የሚለውን ተጫነው።

መጀመሪያ የሆነው ጸጥታ ነው። ማተሚያው መሀል ገጽ ላይ ቆመ። የአዳራሹ ቴሌቪዥን ላይ ከርሊንግ የሚባለውን፣ በረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ የሚጫወቱት ሴቶች በረዶው ላይ እንደተንበረከኩ ቀሩ። የዋረን ስልክ፣ የሲርካ ኮምፒዩተር፣ ራሱ ፕሮግራሙ የተከፈተበት ስክሪን ሁሉ ነጭ ሆነ። «ሌላው ሁሉ ይመለስ» አናት ላይ ወጥቶ ተቀምጦ፣ አረንጓዴ ቀይ ሳይል ሕንፃውን ሙሉ አባርሯል፤ እሷንም ጨምሮ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ዋረን።

«አንተ ነህ የተጫንከው።»

ከዚያ ሊፍቱ ይጮህ ጀመር። ቲንግ፣ ሰው ያወርዳል፤ ቲንግ፣ ሌላ ሰው። ከአምስቱም ፎቅ በዱላ፣ በተሽከርካሪ መደገፊያ፣ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው ወረዱ። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ የሚመጣበትን፣ አሁን የጠቆረውን ክፈፍ አቅፈውታል፣ እንደ ታመመ ልጅ። እማማ ሄልቪ ታብሌታቸውን እያውለበለቡ «ላሸንፋት ነበር!» ይላሉ። «አንዲት ካርታ ነበረች የቀረችኝ! ይቺ ሴትዮ አሁን ፈርታ ሸሸች ትለኛለች!» ዋረን እጆቹን አንሥቶ «አንዴ፣ አንዴ» ሲል ማንም አልሰማውም። ሲርካ የኔትወርክ ገመድ በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ላፕቶፑን አቅፋ፣ ምድር ቤት ወዳለው የማሞቂያ ክፍል ለመድረስ በሰዉ መሀል ትጋፋለች። አስተማሪው በመጀመሪያው ትምህርት «አንድ መሰኪያ ከሕጉ ውጭ ተዉ፤ አንድ ቀን ራሳችሁ ላይ ትቆልፋላችሁ» ብሎ ነበር። እኔን አይመለከትም እያለች ቢሆንም ማሞቂያው ጀርባ አንድ ትታለች።

ሊፍቱ እንደገና ተከፈተና ታይስቶ ወጡ። ሽርጡን አውልቀዋል፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተዋል፤ ኦይሊ ክንዳቸውን ይዘዋል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቦታ ለቀቁላቸው፤ የሚያውቋቸው ይመስላል። ዋረን አያቸው።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አሉ ታይስቶ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የወይዘሮ ኦይሊ ቤት ነው።»

«እሷም እዚያው ናት።»

አንዳንዱ ሳቀ። ዋረን አልሳቀም፤ ፊቱ ላይ ስትፈልገው የኖርከውን ዕቃ በማይመች ሰዓት ስታገኝ የሚመጣው ነገር ታየ። ሲርካ ወደ ምድር ቤቱ የሚወስደው በር ላይ ደርሳ ነበር። መውረድ ትችላለች፤ ማንም አላያትም። ዋረን አፉን ሊከፍት ሲል ተመልሳ መጣችና ገመዱ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ መሀላቸው ቆመች።

«አባቴ ነው» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ከወይዘሮ ኦይሊ ጋር ነው የሚኖረው። እኔ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ልደብቀው ብዬ ነው ይኼ ሁሉ የተበላሸው።»

ዋረን እሷን አየ፣ ሰውዬውን አየ። ታይስቶ ወለሉን ያያሉ። ቀድመው የተናገሩት ሄልቪ ናቸው።

«እኔም ጋ አንድ አለ» አሉ። «ያንኮራፋል። ከፈለግክ ውሰደው።»

«ሄልቪ!» አለ ከኋላ የወፍራሙ ሳል ባለቤት።

«ምን ሄልቪ ሄልቪ ትላለህ? ቧንቧ ሆኜ አልኖርም ያልከው አንተ አይደለህም?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ኑዛዜ ሆነ፤ ግን የደስ ደስ ያለው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እህትማማቾች አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ዋረን በመጣ ቁጥር በተራ ወደ ደረጃው ሲወጡ እንደኖሩ ተናገሩ። ፎቶ ክፈፉን ያቀፉት ሽማግሌ እሳቸው ቤት ማንም እንዳልተደበቀ ካወጁ በኋላ፣ የምትመጣ ካለች ግን ሊያስቡበት ዝግጁ እንደሆኑ ጨምረው ተናገሩ፣ ወደ አንዲት ሴት እያዩ። ዋረን ጣቱን እያጠፈ ሊቆጥር ጀመረና ተወው።

ሲርካን ተከትሎ ወደ ማሞቂያ ክፍሉ ወረደ። በቧንቧዎቹ መሀል ሙቀቱ ያልባል። ሲርካ ተንበርክካ ገመዱን የኔትወርኩ ሳጥን ላይ ሰካችና ስክሪኑ ነፍስ ዘራ። ጥፋተኛዋን መስመር ከአናት አውርዳ ከታች ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻት። ሌላ ምንም አልነካችም፤ «ልብስ ማድረቂያ፣ ቁጥር ሁለት»ን ግን ሰረዘችው። ቀይ ሆነ። በላያቸው፣ በጣሪያው አልፎ፣ የከርሊንግ ሴቶቹ ጩኸትና አንድ የሄልቪ የድል እልልታ ተሰማ።

ዋረን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። «እነዚህን ቀይ ቀይ የሆኑትን እንግዳ በያቸው» አለ። «ለጊዜው።»

«የእንግዳ ፈቃድ በየቀኑ ይቃጠላል። በየጠዋቱ አንተ ጋ እየመጡ ማሳደስ አለባቸው።»

«በየጠዋቱ?»

«በሩ እንደተከፈተ። እማማ ሄልቪ ቀድመው ነው የሚነሡት።»

ዋረን ጣሪያውን ተመለከተ። የሄልቪ ድምፅ አሁንም ከላይ ይሰማል፤ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም ያቺን ካርታ ከመጀመሪያው እየተረኩ ነው። ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ቶሮንቶ ምን እላቸዋለሁ?»

«በሕንፃው ውስጥ ያልታወቀ ሰው የለም በላቸው» አለች ሲርካ። «ኢንሹራንሱም የጠየቀው ያንኑ ነው።»

ዋረን የሸሚዙን አንገት ፈታ። «ነዋሪ በያቸው» አለ ዋረን በመጨረሻ። ሲርካ ላፕቶፑን አዙራ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ ፈቃጁ በስሙ መሆን አለበት፣ በእሷ ስም አይሆንም። እያንዳንዱን ስም እያነበበ ተጫነ። ታይስቶ ላይ ሲደርስ ቆመና «አባትሽ ዓሣ ያጠምዳሉ?» አላት። «ሲያጠምድ ነው ያደገው» አለችው። «ሽታው ቢሮ ድረስ ይመጣል» አለና ተጫነው። «ስወጣ ስገባ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ነው የከረምኩት።»

ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ሦስተኛ ወንበር ከጎረቤት ተበድረው አምጥተዋል። የዓሣ ሾርባው፣ እነሱ ሞያካ የሚሉት፣ ድንቹና ቅቤው ወፍሮ ድስቱ ውስጥ ይጠብቃታል፤ ጥቁር ዳቦም ተቆርሷል። ለጥቂት ጊዜ ስለ ሾርባው ተነጋገሩ፤ ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ እንደሆነ፣ በረዶው ዘንድሮ እንዴት እንደረጋ። ከዚያ ሲርካ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እሑድ እሑድ ስመጣ እኮ እዚያ ቤት ነው የማገኝህ። ቤቱም ሞቆ ነው።»

ታይስቶ ዳቦ ቆረሱ። መልሱ ከኦይሊ መጣ። «በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የሚሄደው» አሉ። «አንቺ ሳትደርሺ ማሞቂያውን ይለኩሳል። አልጋውን የተኛበት አስመስሎ ያዝረከርካል። አንድ ሲኒ ያቆሽሽና ማጠቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል።»

«የማመጣው ሾርባስ?»

«ሦስተኛ ፎቅ ሁሉ ነው የሚበላው» አሉ ኦይሊ። «ጨው ይበዛበታል ይላሉ።»

ሲርካ ሳቀች። ሳቋ ግን ግማሹ ላይ ሌላ ነገር ሆነባትና ፊቷን በናፕኪኑ ሸፈነች። ኦይሊ ተነሥተው ሳህን ማጠብ ጀመሩ፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች ሲርካ ከናፕኪኑ ውስጥ።

ታይስቶ ዳቦውን አስቀመጡ። «የእናትሽን ቤት ስትወጂው አየሁ» አሉ። «ስትመጪ ቁም ሣጥኗን ትከፍቺያለሽ፣ ልብሶቿን ትነካኪያለሽ። አንድ ሰው እዚያ ካልኖረ የሚዘጋብሽ መሰለኝ።»

«እኔ?» አለች ሲርካ። «አባዬ፣ እኔ እኮ ቁም ሣጥኑን የምከፍተው አንተ የሆነ ነገር ሰጥተህ እንደሆነ ለማየት ነው። አልሰጥ አለ፣ አልቆረጠለትም፣ ብቻውን እዚያ ቤት ይብሰከሰካል እያልኩ ነው የምመጣው። ከገባሁ ሰዓት ጀምሮ መቼ በወጣሁ እያልኩ ነው።»

«እኔም» አሉ ታይስቶ።

«አንተም?»

«ብርድ ነው። አውቶቡሱም ይዘገያል።»

ከአጠገብ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። ኦይሊ ያንን ሳህን ያጠቡት ለአራተኛ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ሲርካ ቅዳሜ ካርቶን ይዛ እንደምትመጣ፣ የእናቷን ልብስ አብረው እንደሚያወጡ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የልብስ መደብር እንደሚሰጡ ተናገረች። ታይስቶ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በላይ በቤተሰቡ ታሪክ ተነጋግረው ስለማያውቁ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር፤ ዳቦውን ጨረሱ።

ውጭ ጨልሟል፣ በረዶ በቀስታ ይወርዳል። ሲርካ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ማሞቂያው እስኪሠራ እጆቿን ጭኖቿ መሀል አድርጋ ተቀመጠች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት በርቶ ሁለት ጥላ ይታያል፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ የሚጎሽም ይመስላል። ስልኳ ጮኸ።

«አባዬ? ምን ረሳሁ?»

«ምንም አልረሳሽም» አሉ ታይስቶ። «ያ ግራጫው ካፖርት አለ አይደል፣ ገና ስንጋባ ለእናትሽ የገዛሁላት። ቅዳሜ ሁሉንም ስታወጪ... እሱን እንዳትሰጪብኝ።»

«አልሰጥም።»

«እዚህ አመጣዋለሁ። ኦይሊ ናት ደውልላት ያለችኝ። መስቀያ ባዶ አድርጋለታለች።»